መንጋጭላዬን ያመኛል ለምትሉኝ እህቶች
(በእሑድ የእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ከፊት ወንበር አለ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንዳወራችሁ ነው የተጠየቅሁት።

ዛሬ ስለ ደመወዝ አላወራም፣ ስለ ኢቃማም አላወራም። የማወራው ስለ መንጋጭላ ነው። ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ። ለምክር ስትመጡ ስለ ማዳም፣ ስላልተከፈለ ደመወዝ፣ አገር ቤት ስለቀረ ልጅ ትነግሩኛላችሁ። ጨርሳችሁ ልትነሡ ስትሉ ግን እጃችሁን ጉንጫችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ፣ «ደግሞ ይሄ ነገር ምን ይሆን? ሁለት ወር ሆነኝ» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አንዷ ጆሮዬ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ጥርሴ ነው፣ ሌላዋ ራስ ምታት ነው። አንዲት እህት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላኛለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ፣ ክሊኒክ ስትሄዱም አብሬያችሁ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። የምነግራችሁ ከሐኪሞቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሰማሁትንና በራሴ ላይ ያየሁትን ነው። መድኃኒት አላዝላችሁም። ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁና መቼ መሮጥ እንዳለባችሁ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

እስቲ ሁላችሁም አመልካች ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። አፋችሁን ክፈቱ። ዝጉ። አንዴ ደግማችሁ ክፈቱ። ከጣታችሁ ሥር የሚንሸራተት ነገር አለ አይደል? ያ የመንጋጭላ መገጣጠሚያ ነው። እንደ ጉልበትና እንደ ትከሻ መገጣጠሚያ ነው፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የምታገለግል ልስልስ ያለች ቁራጭ አለች። ስትበሉ፣ ስታወሩ፣ ስታዛጉ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አሁን ደግሞ መዳፋችሁን ወደ ጉንጫችሁ ዝቅ አድርጉና ጥርሳችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ብድግ ያለው እብጠት የማኘኪያው ጡንቻ ነው። በጣም ብርቱ ጡንቻ ነው። ሲደክም ደግሞ ሸክም ተሸክሞ እንደዋለ ወገብ ያማል። ልክ እዚህ ጋ ስትጫኑ «ውይ» ያላችሁ እህቶች አያለሁ። የዛሬው ወሬ የእናንተ ነው።

ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ ልናገር፤ በቃል ምክንያት ጥርሷን ያጣች ሴት አውቃለሁና። እኛ በአማርኛ «መንጋጋዬን አመመኝ» ስንል አጥንቱንም ጥርሱንም ሊሆን ይችላል። ከኋላ ያለው የማኘኪያ ጥርስም መንጋጋ ነው፣ የተሸከመው አጥንትም መንጋጋ ነው። በዓረብኛ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የኋላ ጥርስ «ድርስ» ነው፣ መንጋጭላ ደግሞ «ፈክ» ነው። ይህች ልጅ በዓረብኛ የምታውቀው «ድርሲ» የሚለውን ብቻ ነበር። ማዳሟ ለጥርስ ሐኪሙ ያንኑ ነገረችው፣ እሱም አንድ ጥርስ ነቀለላት። ሕመሙ አልተወም። በወሩ ተመልሳ ሄደች፣ ሁለተኛው ተነቀለ። ወደ እኔ ስትመጣ ሕመሙ እንዳለ ነበር፤ የሌሉት ጥርሶቹ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «ሚሽ ድርሲ፣ ፈኪ ዐም ዩጃዕኒ።» ጥርሴ አይደለም፣ መንጋጭላዬን እያመመኝ ነው ማለት ነው። ከጆሮ ፊት ያለውን ቦታ በጣት አሳዩ። ሐኪሙ ጥርስ ልንቀል ካለ ደግሞ ራጅ ሳይነሣና የትኛው ጥርስ ለምን እንደሚነቀል ሳይነግራችሁ አፋችሁን አትክፈቱለት። ጥርስ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ጥርስ ራሱ አያሳምምም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጥርስ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ፣ ሥሩ መግል የቋጠረ ጥርስ፣ በመጨረሻ የሚበቅለውና ቦታ አጥቶ ድድ ውስጥ የሚቀረው የመንጋጋ ጥርስ፣ ሁሉም ሕመማቸው ወደ መንጋጭላና ወደ ጆሮ ይሄዳል። ጥርስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ምልክት አለው። አንዱ ቦታ ላይ ይወጋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ትኩስ ሻይ ሲነካው ይብሳል፣ ሌሊት ይጠዘጥዛል፣ ሲነክሱበት ይጮኻል፣ ድዱ ያብጣል። የጡንቻና የመገጣጠሚያው ሕመም ደግሞ አደብዝዞ የሚይዝ ነው። ጉንጭን፣ የጆሮን ዙሪያ፣ ጆሮ ግንድን ይይዛል፣ ሲያኝኩና ሲያዛጉ ይብሳል፣ ጠዋት ሲነሡ ፊት የደረቀ ይመስላል። አፍ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል። ድምፁ ብቻውን ያለ ሕመም ከሆነ በሽታ አይደለም። ስንት ሰው መንጋጭላው እየጮኸ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ለድምፅ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ግን በጣም የማየው ምክንያት ጥርስ መንከስ ነው። ከንፈርና ጥርስ በተለመደው ሁኔታ እንዴት መሆን አለባቸው? ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ግን ይራራቃል። ላይኛውና ታችኛው ጥርስ የሚነካካው ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው። አሁን እዚህ የተቀመጣችሁ ጥርሳችሁ ተገጥሞ ነው ወይስ ተራርቆ? እያያችሁ ትስቃላችሁ፣ እኔ ደግሞ መልሱን ከፊታችሁ አነባለሁ። ማዳም ስትጮህ መልስ አይመለስም፣ ስለዚህ ጥርስ ይነከሳል። ብረት ድስት ስንፈትግ፣ ምንጣፍ ስናራግፍ፣ አሮጊቷን ከአልጋ ስናነሣ ጥርስ ይነከሳል። ስልክ ከአገር ቤት ሲደወል፣ ገንዘብ ላኪ ሲባል ይነከሳል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ ውስጥ ይፋጫል። እናቶቻችን ሲሸኙን «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» ብለውናል። በፍቅር ነው ያሉት። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ምክር ለአንድ ክፉ ቀን ይሆናል፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ኮንትራት አይሆንም።

እኔን ራሴን የያዘኝ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የምተኛው ከወጥ ቤቱ በስተኋላ ባለች በረንዳ ላይ ነበር፤ መስተዋት ተገጥሞላት ክፍል ተብላለች። ከእኩለ ሌሊት በፊት አልተኛም፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት የልጆቹ ቁርስ መድረስ አለበት። ጠዋት ስነሣ ፊቴ የእኔ አይመስለኝም። ዳቦ ማኘክ ያቅተኝ ስለነበር ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እበላ ነበር። ጆሮዬ ነው ተብሎ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ፤ ጆሮዬ ንጹሕ ነው አለ። በመጨረሻ አንዲት የጥርስ ሐኪም አፌን አስከፍታ ካየች በኋላ መስተዋት ሰጠችኝና የጥርሶቼን ጫፍ አሳየችኝ። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተፋግተው ጠፍጣፋ ሆነዋል። «ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። እሷም ያለ ወረፋ አስቀመጠችኝና እንዴት እንደማሳርፈው አሳየችኝ።

ያሳየችኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብ አይጠይቅም፣ የማዳም ፈቃድም አይፈልግም። የምላስን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ በስተኋላ፣ ላንቃ ላይ ማሳረፍ ነው። «ነ» ልትሉ ስትጀምሩ ምላሳችሁ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በሉ አሁን «ነ» በሉና እዚያው ተዉት። ጥርሳችሁ መራራቁን አያችሁ? ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ማስታወስ ነው ሥራው። እኔ የማቀዝቀዣው በር ላይ ትንሽ ክብ ወረቀት ለጥፌ፣ እሷን ባየሁ ቁጥር «ነ» እል ነበር። ማዳም የገበያ ማስታወሻ መስሏት አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ሙቀት። ንጹሕ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ጉንጭ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማኖር፤ ማታ ከመተኛት በፊት ቢሆን ይሻላል። ቆዳ እንዳያቃጥል መጀመሪያ በክንዳችሁ ሞክሩት። ከሙቀቱ በኋላ ጡንቻውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ በክብ ማሸት። አፍን ቀስ ብሎ፣ ሕመም እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ መክፈትና መዝጋት፤ ማስገደድ የለም።

ምግብ ደግሞ ለሁለት ሦስት ሳምንት ለስላሳ ይሁን። ሽሮ፣ ገንፎ፣ ምስር፣ እርጎ፣ ሩዝ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ በትንሽ በትንሹ። እንጀራ ያገኘ ፍትፍት ይብላ። ማስቲካ ይቅር። ቆሎ ይቅር። እዚህ አገር ደግሞ ቴሌቪዥን እያዩ ሲቀረጥፉት የሚያመሹት ቢዝር አለ፣ እሱም ይቅር። ፖም በጥርስ ከመግመጥ በቢላ መቁረጥ። ስታዛጉ እጃችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ አፋችሁ ከልክ በላይ እንዳይከፈት ያዙት። ስልክ በትከሻና በጉንጭ መካከል አጣብቆ ሰዓን ማጠብ፣ ይህን የማያደርግ ከመካከላችን የለም፣ እሱም አንገትንና መንጋጭላን አንድ ላይ ያሳምማል። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ፊታችሁን ትራስ ላይ የምትጫኑም በጀርባ ወይም በጎን ለመተኛት ሞክሩ።

ቡናን በተመለከተ እንዳትጠሉኝ እፈራለሁ። ብዙ ቡና፣ በተለይ ከምሽት በኋላ፣ እንቅልፍን ይቀንሳል፣ ጥርስ ማፋጨትንም ሊያብስ ይችላል። አቦሉን በቀን ጠጡ፣ በረካው እኩለ ሌሊት ላይ አይሁን። ሲጋራና አልኮልም እንደዚሁ ናቸው።

እንቅልፍ ስል አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ሊባኖስ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች የወጣው ወጥ የሥራ ውል ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት እረፍት፣ በሳምንትም የ24 ሰዓት እረፍት እንዲሰጥ ይላል። ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ቤት ውስጥ እንደማይገኝ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሆኖም ከማዳም ጋር መነጋገር የምትችሉ ስትነጋገሩ «ደከመኝ» ከማለት «ሐኪሙ የመንጋጭላሽ ሕመም ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የተያያዘ ነው ብሎኛል» ማለት ብዙ ቤት ውስጥ ይሰማል። ድካም ስንፍና ይመስላቸዋል፣ የሐኪም ቃል ግን ያስፈራቸዋል።

ስለ ማስታገሻ። ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል የምንለው፣ ባለ 500 ሚሊግራም ሆኖ ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት እየጠበቁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በምንም ሁኔታ ከ8 ፍሬ በላይ አይወሰድም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ ስትወስዱ ሳታውቁት ከልኩ ታልፋላችሁ፤ ጉበት ይጎዳል። የጉበት ችግር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ብሩፈን ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ይረዳል፤ ነገር ግን ከምግብ በኋላና ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ጨጓራ ያለባት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ አስም ወይም ኩላሊት የሚያማት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሐኪም ሳትጠይቅ ብሩፈን አትንካ። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለጡንቻ ሕመም ምንም አይሠራም። ፋርማሲ ሄዳችሁ አሞክሲሲሊን ወይም ኦግመንቲን ገዝታችሁ ሁለት ቀን ውጣችሁ ሻንጣ ውስጥ የምታስቀምጡት ነገር ይቅር። ጥርስ ሥር መግል ካለም ቢሆን መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም፣ ጥርሱ መታከም አለበት። ቅርንፉድ ለታመመ ጥርስ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ጥፋት የለውም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥላል፤ አይደረግም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ብዙዎቻችሁ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላችኋል። ካልተሻለ የጥርስ ሐኪሙ ሌሊት የሚነከስ የፕላስቲክ መከላከያ ሊሠራ ይችላል፤ በጥርሳችሁ ልክ የሚሠራ ነው፣ ጥርሱን ከመፋጋት ያድናል። ፊዚዮቴራፒም አለ። ቤይሩት ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ክሊኒክ ቦቶክስ እንወጋሽ ይላል። ማዳሞቻችን ግንባራቸው ላይ የሚወጉት ያው ቦቶክስ ነው። ጡንቻውን ለጥቂት ወራት ያሳርፈዋል እንጂ ለዘለቄታው አያድንም፣ ውድ ነው፣ ከሁሉ በፊት የሚሞከርም አይደለም። ጥርስ ሞርደን እናስተካክለው ወይም ቀዶ ሕክምና እናድርግ የሚል መጀመሪያ ቀን ላይ ካጋጠማችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፣ ሌላ ሐኪም እናሳያለን።

ከመካከላችሁ ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት የምትወስዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት አንዳንድ ሰው ላይ ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ። መድኃኒቱን ከጀመራችሁ ወዲህ መንጋጭላችሁ ከታመመ ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩ፣ ይለውጠው ወይም መጠኑን ይቀንሰው። በራሳችሁ ግን ድንገት እንዳታቆሙ።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፣ በአጭሩ ልለፋቸው። የላይኛው መንጋጭላ የሚያማት፣ አፍንጫዋ የታፈነ፣ ወለል ለመወልወል ስታጎነብስ ፊቷ የሚከብዳት ሳይነስ ሊሆን ይችላል። ክሎር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መጠቀም አፍንጫን ይቆጣል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት። ስትበላ ከመንጋጭላዋ ሥር የሚያብጥባት፣ ቆይቶ የሚጎድልላት፣ የምራቅ ቱቦ ውስጥ ጠጠር ሊኖርባት ይችላል። ጆሮ ደግፍም አለ፣ ከትኩሳት ጋር ነው የሚመጣው። ፊት ሲታጠቡ ወይም ጥርስ ሲቦርሹ እንደ ኤሌክትሪክ ለሰከንዶች የሚያነዝር ሕመም ደግሞ የነርቭ ነው፤ ለእሱ ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ሐኪም ነው የሚያዘው። ጥርስ ማስነቀል ለእሱም አይረዳም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በጥፊ ወይም በሌላ ነገር ተመትታችሁ ከዚያ ወዲህ የሚያማችሁ አላችሁ። ወደቅሁ የምትሉኝም አላችሁ፤ እኔ አላስጨንቃችሁም፣ ግን ሐኪሙ ምክንያቱን ካወቀ በትክክል ያያችኋል። ጥርሳችሁ ስትገጥሙት እንደ በፊቱ የማይገጥም ከሆነ፣ አገጫችሁ ወይም የታችኛው ከንፈራችሁ ከደነዘዘ፣ ከአፋችሁ ደም ከመጣ፣ አፋችሁ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ወይም ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል እያነሡ ማኖር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይረዳል፤ ሙቀት ለዚያ ጊዜ አይሆንም። አፍ ተከፍቶ ከቀረ ማንም በጉልበት እንዲመልሰው አትፍቀዱ። ፎቶ አንሡ፣ ቀኑን ጻፉ። ሐኪሙ ያየውን በወረቀት እንዲያሰፍርላችሁ ጠይቁ። እዚህ አገር ለክስ የሚሆነውን ሪፖርት የሚጽፈው «ጠቢብ ሸርዒ» የሚባለው የሕግ ሐኪም ነው፤ ቁስል ሳይጠፋ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። መክሰስ ባትፈልጉም ወረቀቱ ይኑራችሁ። ወረቀት ስለሌላችሁ፣ ከቤት ስለወጣችሁ፣ ሆስፒታል ለመሄድ የምትፈሩ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ፣ አብረን የምንሄድበትን መንገድ እንፈልጋለን።

የሚያስሮጡትን ምልክቶች ደግሞ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ስሙኝ። የመንጋጭላ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከቀዝቃዛ ላብ፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ወደ ክንድ ከሚሄድ ሕመም ጋር ከመጣ የልብ ነው ብላችሁ ተነሡ። ሴቶች ላይ ደረት ብዙም ሳያም መንጋጭላና ጀርባ ላይ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ደረጃ ስትወጪ የሚመጣ፣ ስትቀመጪ የሚተው የመንጋጭላ ሕመምም ልብ መታየት አለበት የሚል መልእክት ነው። በተለይ ስኳር፣ ደም ግፊት ያለባችሁና ዕድሜያችሁ የገፋ እህቶች «ጥርሴ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ፊት ወይም ከአገጭ ሥር አብጦ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን አይታደርበትም። ዝገት ያለበት ነገር ወይም ሚስማር ወግቷችሁ፣ ወይም ቁስል ነበራችሁ እንበል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መንጋጭላ መክበድ፣ አንገት መድረቅ፣ አፍ አልከፈት ማለት ከጀመረ ያ በአገራችን መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ቴታነስ ነውና ይገድላል። አፍ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም መንጋጭላ ላይ እያደገ የሚሄድ እብጠትም ይታይ።

ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። ይህ ንግግር በመጽሐፉ ስለሚታተም በሌላ አገር ላላችሁም ልጨምር፦ ዮርዳኖስ 911፣ ኩዌት 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት፣ ስሙን በአማርኛ ጻፉት።

ስለ ክፍያ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በውሉ መሠረት አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ ያስገባል፤ ኢንሹራንሱ ግን ብዙ ጊዜ ለሆስፒታልና ለአደጋ እንጂ ለተራ ጥርስ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ምርመራው ስንት፣ ራጁ ስንት ብላችሁ ለይታችሁ። ከደመወዛችን ይቆረጣል ከተባላችሁም ሳትፈርሙ ደውሉልኝ።

ለመሄድ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ልኬት ውሰዱ። የእጃችሁን ሦስት ጣቶች፣ አመልካቹን፣ መሐሉንና የቀለበቱን፣ አንድ ላይ ገጥማችሁ በቁም ወደ አፋችሁ አስገቡ። ያለ ሕመም ከገቡ ጥሩ ነው። ሁለት ብቻ የሚገባላችሁ ወይም ከወር በላይ የታመማችሁ እዚያ ጥግ ከእህት ጋር ተመዝገቡ፣ በተራ አነጋግራችኋለሁ። ስትመጡ ጠዋት ወይስ ማታ እንደሚብስ፣ ምን ስትበሉ እንደሚያማችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ አስባችሁ ኑ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰው ፊት መናገር የማትፈልጉት ነገር ካለ ስማችሁን ብቻ አስመዝግቡ፣ የቀረውን በር ዘግተን እናወራለን።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። ቆሎው በዚያ በኩል ላሉት ይሂድ፤ ጉንጫችሁን ስትጫኑ «ውይ» ላላችሁት ዳቦ ተቆርጧል።